ፈንጣጣ ማደሪያ ያጣ ለታ

ቀረብ በሉ፣ ላውጋችሁ። ያላመነ የአያቱን ክንድ ገልጦ ጠባሳውን ይይ።

በድሮ ዘመን ፈንጣጣ የሚሉት ጉረኛ ነበር። በዓይን አይታይም፣ ኩራቱ ግን ተራራ ያክላል። ቤቱ የሰው ገላ ነው። ሲገባ እልፍኝ አይደርስም፣ ጓዳ ይሰፍራል። መሣሪያውንም ራሱ ይዞ ይመጣል። እዚያው መሰሎቹን ቀጥቅጦ ያወጣና ቤቱን አፍርሶ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ንጉሥ አይል፣ ድሃ አይል!

የላም ፈንጣጣ የምትባል ትንሽ ዘመድ ነበረችው። “አያ ፈንጣጣ፣ እንደ እኔ ከላምም ከአይጥም ቤት ማደር ብትለምድ ምን አለበት?” አለችው።

“እኔ? በረት ልደር? ወግጂ! ከሰው በቀር አላድርም!”

ዘመን አለፈ። አገሩ ሁሉ በሩን ዘጋበት፣ አንድ መንደር ብቻ ቀረው። እዚያ ካላደረ ዘሩ መጥፋቱ ነው።

መጀመሪያ ፊቷ ጠባሳ የሆነውን ወይዘሮ ትብለጥን አንኳኳ። “ቤቶች!”

የደሟ ዘበኞች ብቅ አሉ። “አንተው ነህ? በልጅነቷ ፊቷን አበላሽተህ የሄድከው! ይኸው ስንጠብቅህ!” በዱላ አባረሩት።

ቀጥሎ ላም አላቢዋን ዘርፌን አንኳኳ። “ቤቶች!”

“ዘመድህ የላም ፈንጣጣ እጇ ላይ አድራ ሄዳለች። ቁርጥ እሷን ነህ፣ ዞር በል!” አሉት የዘርፌም ዘበኞች።

በመጨረሻ የትብለጥን ጨቅላ አገኘ። ፊቱ ጠባሳ የለበት! ፈንጣጣ በደስታ ዘለለ። ግን ባለ ሁለት ጥርስ መርፌ ከከታቢው ጋር በበቅሎ ወንዝ ተሻግራ ቀድማው ኖሯል።

“አንቺ ጭራሮ የማታክይ! ጦርና ጎራዴ ያላቆሙኝን አንቺ?” ብሎ ሳቀ።

“ጦር ይወጋል፣ እኔ አስተምራለሁ። የልጁ ዘበኞች መልክህን ካጠኑ ሳምንት አለፋቸው” አለችው ኮራ ብላ።

ከውስጥም “ግባ እንጂ ጌታው!” የሚል የዘበኞቹ ድምፅ ተሰማ። ፈንጣጣ እግሬ አውጪኝ አለ።

በረት ሄዶ “እመት ላም፣ ባክሽ አሳድሪኝ” አለ።

“በሩ ያው፣ ከከፈትከው ግባ።”

ቢገፋ፣ ቢያዞር፣ እምቢ! የያዘው ቁልፍ ለሰው በር ብቻ የተሠራ ነበር። ደጅ ላይ እንደ ቆመ ደርቆ ቀረ።

ትብለጥ የተከተበውን የልጇን ክንድ ሳመች። “የእኔን ፊት ወስደሃል፣ የልጄን ግን አልሰጠሁህም!” ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። መንደሩም ተቀበላት።

አዎ ልጆቼ፣ አንድ ቤት ብቻ ያለው እንግዳ ባለቤቱን አይንቅም።