አውራ ጣት የሌላት ጸሐፊና ሦስቱ ብዕሮች

እጄ እኔ ያላልኩትን ለምን ይጽፋል? ጉሬዛ ይህን ጥያቄ ሰባት ክረምት በሆዷ ይዛ ኖረች። ጠጋ በሉና ስሙ፤ ነገሩ የሆነው ድሮ፣ አራዊት ዋርካ ሥር ሲዳኙ፣ ዕቃም አፍ በነበረው ዘመን ነው።

ጉሬዛ የዋርካው ችሎት ጸሐፊ ነበረች። የምትጽፈው የነካውን ሁሉ እንደ ቃል በሚቀበል የመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው። ጉሬዛ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ አውራ ጣት የላትም፤ መዳፏን ካላሳረፈች ብዕር አይጸናላትም። እጇን ብትቆጣው፣ በጨርቅ ብታስረው አልሆነላትም።

አንድ ቀን ጃርትና ጅብ በአንድ ጉድጓድ ተካሰው፣ «ጉድጓዱ የጃርት ነው» የሚለውን ፍርድ ስትጽፍ መዳፏ ሰሌዳውን ነካና የጃርትን ስም የሚሰርዝ መስመር ጣለ። ጅብ ይህን አየና፣ ስሟ ከተሰረዘ ጉድጓዱ የእኔ ነው አለ። ችሎቱም ፍርዱ በማግስቱ እንደገና ይጻፍ፣ ዳግመኛ ከተሰረዘ ግን ለጅብ ይሁን ብሎ ወሰነ። ጃርት ሦስት ልጆች አሏት፤ ክረምቱም ደርሷል።

ወሬው ተሰማና ሦስት ብዕሮች ወደ ጉሬዛ መጡ።

የመጀመሪያው ወርቅ የተቀባ ነበር። የእጅሽ ንክኪ እንዲጽፍ አልፈቅድም ብሎ ማለ። ጉሬዛ አሸተተችው፤ ጅብ ጅብ ሸተታት።

«ማን ላከህ?» አለችው።

«በራሴ መጣሁ። ብቻ ስትጽፊ እጅሽን ከፍ አድርጊ።»

«እጄን ካነሳሁ አንተ ምን ሠራህ?» አለችና አስቀመጠችው።

ሁለተኛው ወፍራም ነበር። እሱም ማለ። ብዕሩን አስቀድማ፣ መዳፏን አስከትላ ብታሳርፍ ሰሌዳው ንጹሕ ሆነ። አጠገቧ ሆና የምታይ ጃርት ደስ ብሏት እሾኋን አራገፈች። ጉሬዛ ግን ጠረጠረች። ስትጽፍ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያርፈው መዳፏ ነውና እንደ ልማዷ ሞከረችው። ጥቁር ጠባሳ ወጣ።

«ቀድሞኝ የገባን እንግዳ እንዴት ልመልስ?» አለ ወፍራሙ።

ሦስተኛው ቀጭን፣ ጫፉ የተጫረ ነበር። አልማለም። ለምን እንደማይምል ስትጠይቀው፣ «የሚሰማው ሰሌዳው ነው፤ እሱን ጠይቂው» አላት።

ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠራት።

«እቴ ጉሬዛ፣ አንቺ ስትጠረጥሪ ልጆቼ ዝናብ ሊመታቸው ነው» አለች ጃርት።

ጉሬዛ ወደ ሰሌዳው ዞረች። በሰባት ክረምት አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

«ወርቁን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም። ለእኔ እሱም ጣት ነው።»

«ወፍራሙንስ?»

«ሲነካኝ አውቀዋለሁ።»

«ቀጭኑንስ?»

«ገና ሳይነካኝ፣ ሲቀርበኝ አውቀዋለሁ። እሱ ካለ መዳፍሽን አልሰማም።»

አላመነችም። ቀጭኑን ይዛ መዳፏን ሦስት ጊዜ አሳረፈች። ሦስቴም ሰሌዳው ዝም አለ።

በማግስቱ ጅብ ከፊቷ ተቀመጠና፣ «እሜቴ፣ እንዳይደክምሽ እጅሽን አሳርፊው እንጂ» አላት።

«እሺ አያ ጅቦ» አለችና ሙሉ መዳፏን ተጭና ጻፈች። ጉድጓዱ የጃርት ነው። ጅብ ሰሌዳውን ደጋግሞ አየ፤ አንዲት ጭረት አጣና ተነስቶ ሄደ።

ጉሬዛም እጇን ታስርበት የነበረውን ጨርቅ ጣለችው። እጇን ዳግመኛ ላታስር፣ ብዕርንም ሰሌዳው ሳይመሰክርለት ላትይዝ ቆረጠች።

መሐላ ከሚያበዛ ብዕር፣ ሰሌዳ የሚያውቀው ይሻላል።