አህያዋ ያስተማረችው የደሴት ጨዋታ

አንድ ጊዜ፣ ሐይቅ ዳር በበቀለ ትልቅ ሾላ ሥር፣ የእንስሳት ግልገሎች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። አስተማሪዋ አህያ ነበረች፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ አያ ጅቦ። አያ ጅቦ ማንበብ አይችልም። ሆኖም ንጉሥ አንበሳ «ይህ ፍጥረት ከግልገሎች አጠገብ እንደማይጠፋ የታወቀ ነው፤ እንግዲያው ሹመት ተሰጥቶት በግልጽ ይቀመጥ» ብሎ ሾመው። በትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ ማንንም እንዳይበላም ቃል አስገባው። አያ ጅቦ ቃሉን ጠበቀ። በየጠዋቱ ምራቁን እየዋጠ ተማሪዎቹን ይቆጥራል፤ ሥራው ይኸው ነበር።

ልጆቹ ገና ትንንሾች ናቸው። ጠዋት ሲመጡ ያለቅሳሉ፣ ፊደል ሲቆጥሩ ያንቀላፋሉ። ከሁሉ የባሰው የጃርቷ ልጅ ነገር ነበር። እሾኳ ስለሚወጋ ማንም አጠገቧ አይቀመጥም፤ እሷም ቀኑን ሙሉ ቃል ሳትናገር ውላ ትሄዳለች። አህያዋ ይህን እያየች ሆዷ ይባባል፤ መላው ግን አልመጣላትም።

አንድ ቀን ማዕበል ከመንገዷ ያስወጣት አሮጊት የባሕር ወፍ ክንፏን ልታሳርፍ ሐይቁ ዳር ወረደች። አህያዋ ውኃ ልትጠጣ ስትሄድ አገኘቻትና ሰላምታ ሰጥታ ከየት እንደመጣች ጠየቀቻት።

«ፓስፊክ ከሚባል ውቅያኖስ ነው የመጣሁት» አለች ወፏ። «በመካከሉ ብዙ ደሴቶች አሉ። በእነዚያ ደሴቶች እንግዳ ሲመጣ አበባ በክር ሰክተው አንገቱ ላይ ያጠልቁለታል። ተረት ሲያወሩ በእጃቸው ጭምር ነው፤ ማዕበሉን፣ ዝናቡን፣ ዓሣውን በእጃቸው ያሳዩሻል። ልጆች ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠው እየዘፈኑ ዱላቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ ያደርጉና ይወራወራሉ። ይህኛው የዚያኛውን ይቀልባል፣ ያኛው የዚህኛውን።»

«ዱላው የወደቀበት ልጅ አይቀጣም?»

«ለምን ይቀጣል? ይስቃሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ካልወደቀበት እንዴት ይለምዳል?»

አህያዋ ሦስት ቀን ሙሉ ወፏን ስትጠይቅ፣ ስትሞክር፣ ስትሳሳት፣ ስትታረም ቆየች። ቀበሮም ይህን ጊዜ ደንገሉ ውስጥ አድፍጦ ነበር። የመጣው ወፏን ሊበላ ነው፤ ወፏ ግን ንቁ ስለነበረች አልቀናውም። የተረፈው የወሬው ቁራጭ ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን ወፏ ተነሥታ ሄደች።

በማግስቱ አህያዋ ሰሌዳውን ወደ ጎን አድርጋ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማዕበሉን በረጃጅም ጆሮዎቿ አሳየቻቸው፤ ጥንቸሉም በጆሮው ተከተላት፣ ጦጣዋ በክንዷ፣ በጉ በጭራው። የዱላው ጨዋታ ሲመጣ የፍየል ግልገል ዱላውን በጥርሱ ይዞ መቅለብ ተማረ። አበባ መሰካት ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ቆሙ፤ መርፌ አልነበረም። ይህን ጊዜ የጃርቷ ልጅ ተነሥታ ከጀርባዋ የላላ እሾህ ነቀለችና ለአህያዋ ሰጠቻት።

«ይህ አይሆንም፣ ቲቸር?» አለች። በትምህርት ቤቱ ድምፅዋ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁሉም እሷ አጠገብ ለመቀመጥ ይሻማ ጀመር። ጠዋት የሚያለቅስ ቀረ፤ የሚያለቅሱት ማታ ወደ ቤት ሲጠሩ ሆነ።

ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰ። ንጉሥ አንበሳም «ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ መጥቼ አያለሁ» ብሎ ላከ።

አያ ጅቦ ደነገጠ። ንጉሡ ምን ሊጠይቀው እንደሚችል አያውቅም፤ ቢጠይቀው ምን እንደሚመልስም አያውቅም። ቀበሮ ይህን ሰምቶ ጸጉሩን አበጥሮ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ እንዲያው ለክብርዎ አስቤ ነው» አለ። «የውቅያኖስ ትምህርት በአህያ ሲሰጥ ንጉሡ ቢያዩ ምን ይላሉ? እኔ እኮ በእነዚያ ደሴቶች ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ።»

«እውነት? ምን ይበላሉ?»

«ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ የጋለ ድንጋይ ይጨምራሉ፣ ምግቡን በቅጠል ጠቅልለው ይቀብሩታል። በስሎ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀርበው ለማን መሰለዎት? ለርዕሰ መምህሩ።»

አያ ጅቦ ከዚህ በላይ ምስክር ወረቀት አልፈለገም። ቀበሮ በዚያው ዕለት አስተማሪ ሆነ፤ አህያዋ ውኃ እንድትቀዳ ታዘዘች።

አህያዋ እንስራዎቹን ተሸክማ ሄደች። ወደ ሐይቁ ስትወርድ ግን እግሯ ከበዳት፤ እንስራዎቹ ገና ባዶ ነበሩ።

ቀበሮ መጀመሪያ ያደረገው ዱላዎቹን ሰብስቦ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ነበር። «ይሰበራሉ» አለ። አበባ መቅጠፍን ከለከለ፤ በምትኩ የአበባ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሣለላቸው። የጃርቷን ልጅም ተራውን ታበላሻለች ብሎ ኋላ ጥግ ላይ ለብቻዋ አስቀመጣት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ትምህርቱን ጀመረ።

«ጨዋታ ሰባት ክፍሎች አሉት። ጻፉ። አንደኛ፣ የጨዋታ ትርጉም። ሁለተኛ፣ የጨዋታ ጥቅም። ዝም በሉ! ጨዋታ እየተማርን ነው።»

ልጆቹ ጻፉ። በሦስተኛው ቀን የፍየል ግልገል እግሩን አነሣ።

«ቲቸር፣ የጨዋታ ትምህርት ሲያልቅ መጫወት እንችላለን?»

«ፈተናውን ስታልፍ» አለ ቀበሮ።

የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ልጆቹ ወደ ሐይቁ ይሮጣሉ። እዚያ አህያዋ እንስራዋን አስቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። በደንገል አገዳ ይወራወራሉ፣ አበባ ይሰካሉ፣ ስለ ማዕበሉ በጆሮና በክንድ ያወራሉ። ደወል ሲደወል ፊታቸውን አኮሳትረው ወደ ጨዋታ ትምህርት ይመለሳሉ።

ንጉሡ የሚመጣበት ቀን ደረሰ። አንበሳ ሾላው ሥር ተቀመጠ፤ አያ ጅቦ በቀኙ፣ ቀበሮ ፊት ለፊቱ ቆመ። አህያዋ ውኃዋን ተሸክማ ከልጆቹ ኋላ ነበረች።

ቀበሮ ንግግር ጀመረ። ስለ ጨዋታ ትርጉም ተናገረ፤ አንበሳ አዛጋ። ስለ ጨዋታ ጥቅም ተናገረ፤ አንበሳ ደጋግሞ አዛጋ። ቀበሮ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ንጉሡ መዳፉን አነሣ።

«በቃ። ልጆቹ ሲጫወቱ ልይ።»

«ንጉሥ ሆይ፣ እዚያ ምዕራፍ ላይ ገና አልደረስንም።»

«እንግዲያው አንተ ተጫወትና አሳየኝ።»

ቀበሮ ወዲያና ወዲህ አየ። ሳጥኑን ከፈተና አንዱን ዱላ ለአያ ጅቦ አቀበለው። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቀበሮ የሰማው እስከ «ይወራወራሉ» ድረስ ነበር፤ መቅለብ እንዳለ እሱም አያውቅም። ዱላው በረረና የአያ ጅቦን አፍንጫ አገኘ። አያ ጅቦ ከዚያ ሁሉ ወሬ በኋላ የሚመጣው ምግብ መሆን አለበት ብሎ ስላመነ ዱላውን አነሣና ቆረጣጥሞ በላው።

«ደህና በስሏል?» ብሎ ጠየቀ ንጉሡ።

«ትንሽ ይጠነክራል» አለ አያ ጅቦ።

ልጆቹ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻሉም፤ ሳቃቸው ፈነዳ። ሳቁ ሲጀምር ማንም የሚያስቆመው አልተገኘም። የፍየል ግልገል ወደ ሳጥኑ ሮጠ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሁለት ሁለት ሆነው ተቀመጡ፣ ዘፈኑን አነሡ፣ ዱላዎቹ መሬቱን መታ መታ አድርገው በአየር ላይ ተላለፉ። ጥንቸሉ ዱላ ወደቀበትና ሳቀ፤ እንደገና ጀመረ። የጃርቷ ልጅም ከጥጓ ወጥታ፣ ጠዋት ሐይቁ ዳር የሰካችውን የአበባ ጉንጉን በንጉሡ አንገት ላይ አጠለቀች።

አንበሳ ጎፈሩ እስኪርገፈገፍ ሳቀ።

«ይህን ማን አስተማራችሁ?»

«ቲቸር!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ፣ ወደ ኋላ እየዞሩ።

ቀበሮ ግን አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥቶ እስከ መሬት እጅ ነሣ። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ቲቸር የተባለው እሱ ነበርና።

«ድንቅ ነው» አለ ንጉሡ። «እንዲህ ያለ አዋቂ ሐይቅ ዳር ሊቀር አይገባም። ከእኔ ጋር ቤተ መንግሥት ትሄዳለህ፤ የአገሩ ሁሉ የጨዋታ አማካሪ ትሆናለህ። አያ ጅቦም ረዳትህ ይሁን።»

የጃርቷ ልጅ እሾኳ ቆመ። አፏን ከፍታ ልትናገር ስትል ወደ አህያዋ ዞር አለች። አህያዋ አንድ ጆሮዋን ቀስ አድርጋ ዝቅ አደረገች፤ ዝም በይ ማለቷ ነበር።

ንጉሡ ተነሣ። ቀበሮ ደረቱን ነፍቶ፣ አያ ጅቦ አፍንጫውን እያሻሸ ተከተሉት። ቀበሮ አሁን ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ስለ ጨዋታ መጽሐፍ ይጽፋል፤ ክፍሎቹ አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል ይባላል። ንጉሡ አላነበበውም፤ ግን ሁለት ጊዜ ሸልሞታል።

አቧራው ሲሰክን አህያዋ እንስራዋን አውርዳ ልጆቹ መካከል ቁጭ አለች። የጃርቷ ልጅ ተጠግታ ተቀመጠች፤ ፊቷ አልፈታም።

«ቲቸር፣ ያስተማርሽን እኮ አንቺ ነሽ። ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር ኖሮ» አለች አህያዋ ዱላ እያነሣች፣ «የሚወስዱት እኔን ነበር። በይ ቅለቢ።»

ከዚህ የምንማረው ልጆችን በእውነት የሚያስተምራቸው ስለ ጨዋታ አሳምሮ የሚናገረው ሳይሆን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አብሯቸው የሚጫወተው መሆኑን፣ ሹመቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው መውሰዱን ነው።