አራሷንስ ማን ጠየቃት?

አንዲት ሴት ወለደች። በሰላም ወለደች። ልጇ ጤነኛ ናት፤ ቤቱ ገንፎና ቅቤ አልጎደለውም። ታዲያ ምን ሆንኩ ትላለች ትሉ ይሆናል። ሰፈሩም ያለው ይህንኑ ነው።

ትርንጎ ትባላለች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት፣ የታረሰችው ከባሏ እናት ከወይዘሮ አትጠገብ ቤት ነው። ባሏ አንዳርጋቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። "አራስ ቤት የሴት ነው፤ አንተ ሥራህን ሥራ" ብለውታል እናቱ። እሱም እውነት መስሎት ከደጅ ቆሞ ደህንነቷን ጠይቆ ይሄዳል።

ቤተሰቡ ወንድ ይጠብቅ ነበር። ሴት ተወለደች። ክፉ ቃል የተናገራት የለም። ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር፣ ገንፎው እየተበላ፣ አንዷ "ግድ የለም፣ ቀጣዩ ወንድ ይሆናል" ትላለች። ሌላዋ "ኧረ ጡቱን በደንብ አላስያዝሻትም!" ትላለች። ደግሞ አንዷ ሕፃኗን አንስታ "ቁርጥ አባቷን!" ትላለች። ትርንጎ እንቅልፍ አጥታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጥግ ይዛ ታዳምጣለች። ልብ ብሎ ያያት አልነበረም።

አንድ ቀን እንባዋ አመለጣት። ወይዘሮ አትጠገብ ደነገጡ።

"ምነው ልጄ? አራስ አታለቅስም! ወተትሽ ይነጥፋል።"

"ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ እማማ። ልጄን ሳያት ምንም አይሰማኝም።"

"ዝም በይ! ይህን ቃል ሰው እንዳይሰማው። መካኗ ምን ትበል?"

ዝም አለች። እህል ተወች። ሕፃኗ ስታለቅስ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረች። ጎረቤታቸው እትዬ ዝማም "የሰው ዓይን ነው" አለች። ሌላው ሰው "ጥጋብ ነው" አለ። ሰፈሩ ሁሉ ስለ እሷ ተናገረ። ከእሷ ጋር የተነጋገረ ግን ማን ነበር?

አንድ ረፋድ ላይ ትርንጎ ሕፃኗን አምጥታ በአማቷ ጭን ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ለበሰች።

"እማማ፣ እርስዎ ያሳድጓት። ከእኔ የተሻለች እናት ያስፈልጋታል።"

"ወዴት ልትሄጂ ነው?"

"እንጃ።"

ወይዘሮ አትጠገብ ፊቷን አዩት። ያንን ፊት ያውቁታል። ሕፃኗን እንዳቀፉ ቀድመዋት በሩ ላይ ቆሙና እጇን ያዙ።

"ልጄ፣ እኔም ባልሽን የወለድኩ ጊዜ እንዲህ ሆኜ ነበር። ውኃ ልቀዳ ወጥቼ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ፣ ሞት አማረኝ። የጉድጓዱን ነገር ማንም አያውቅም። ባሌም ሳያውቅ ሞተ።"

ትርንጎ ቀና አለች። "እርስዎ?"

"እኔ። ከፍቶኛል ብላት እናቴ ዝም በይ አለችኝ፤ ዋጥ አድርጌ ኖርኩ። አንቺን ደግሞ እኔው ዝም በይ አልኩሽ። ይቅር በይኝ። አሁን ተናገሪ፤ ሁሉንም ንገሪኝ።"

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ትርንጎ ተናገረች። አማቷ አልመከሯትም፤ አብረዋት አለቀሱ። ከዚያም ተነሥተው ለልጃቸው ደወሉ።

"መኪናውን አቁምና ና!"

"እማዬ፣ አራስ ቤት ለወንድ አይሆንም ብለሽ..."

"አትግባ ያልኩህ እኔ ነኝ። ና የምልህም እኔ ነኝ።"

መጣ። ሚስቱን ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ነርሷ አልሳቀችባትም፣ አልተቆጣቻትም። "ይህ የታወቀ ሕመም ነው፤ ብዙ እናቶችን ይይዛል፤ ታክመሽ ትድኛለሽ" አለቻትና ወደ ሆስፒታል ላከቻት። ሕክምናዋን ጀመረች፤ ጠበሏንም አልተወችም። አንዳርጋቸው ሚስቱ እንድትተኛ ልጁን ማቀፍና ማጠብ ተማረ። ወይዘሮ አትጠገብም ጠያቂውን ከደጅ እየተቀበሉ "ተኝታለች፣ ሌላ ቀን" እያሉ ይሸኛሉ።

በአንድ ጀምበር አልዳነችም። ደህና ዋለች ሲሉ ትወድቃለች፤ ወደቀች ሲሉ ትነሣለች። ግን አንድ ማለዳ ሕፃኗ አፏን ከፍታ አዛጋች፤ ትርንጎም ሳታስበው ሳቀች። አማቷ ከጓዳ ሰምተው፣ የያዙትን አስቀምጠው፣ ባሉበት ቆመው ፈጣሪን አመሰገኑ።

የክርስትናው ዕለት እትዬ ዝማም ከድግሱ መካከል "የሚቀጥለውን ወንድ ያድርግልን!" ብላ መረቀች።

"ዝማም፣ ምርቃትሽን አሳምሪ" አሏት ወይዘሮ አትጠገብ። "ሰው ተወልዶልናል። እናቷም ተርፋልናለች።"

ወገኖቼ፣ ትርንጎን የያዛት ሕመም ነው። ኃጢአት አይደለም። ስንፍና አይደለም። የእምነት ማነስም አይደለም። ሸክሙን ያከበደባት ግን ማን ነው? እኛ ነን! "ዝም በይ" ያልናት እኛ ነን። ሴት ልጅ ተወለደች ሲባል ፊታችን የጠቆረ እኛ ነን። ባሏን ከደጅ ያስቀረን እኛ ነን። እንግዲህ ማክበድ የቻልን ሰዎች ማቅለል ያቅተናል? በፍጹም አያቅተንም!

እናንተ እናቶች፣ በሆዳችሁ ይዛችሁት የኖራችሁት የለም? ወልዳችሁ ዓለም የጨለመባችሁ ጊዜ የለም? ለማን ነው የምታስቀምጡት? ለልጃችሁ ሚስት ንገሯት፤ እሷ ብቻዋን የሆነች መስሏታል። እናንተም ባሎች፣ ልጅን ማቀፍ ወንድነት አይቀንስም፤ ግቡ።

አራስ ልንጠይቅ ሄድን እንላለን። ጠየቅናት ወይ? ወይስ ገንፎዋን በልተን ተመለስን?

እግዚአብሔር መልአክ ይላክላት ብላችሁ ብቻ አትጸልዩ፤ ከሰማይ ይልቅ የእናንተ ቤት ይቀርባታል። ስለዚህ ሂዱ። ሕፃኑን ለአባቱ ስጡና አጠገቧ ተቀመጡ። "አንቺስ እንዴት ነሽ?" በሏት። "ደህና ነኝ" ብትላችሁ አትነሡ።

ቆዩ።