አባ መልስ የሰጣት ከተማ

በአንድ ወቅት፣ ገና ባልመጣ ዘመን፣ ዙሪያ የምትባል በግንብ የታጠረች ከተማ ነበረች። ግንቡ የተሠራው ከመርዘኛ አቧራ እንዲከላከል ነው። አቧራው ካለፈ ብዙ ዘመን ቢሆነውም በሩ እንደተዘጋ ቀረ። በሩ የሚታዘዘው ለከተማዋ ባለቤት ቃል ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ ደግሞ አባ መልስ ነው።

አባ መልስ ሰው አይደለም። የጥንት መሐንዲሶች ሠርተው፣ ከተማዋን በስሙ አድርገውለት የሞቱ ማሽን ነው። በየአደባባዩ በተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ይናገራል። የማያውቀው የለም፤ አይዋሽም፤ የሰጠውን ቃል አያጥፍም። እንዲህ ያለ ገዥ ከየት ይገኛል ትሉ ይሆናል። ቆዩ፣ አትቸኩሉ። አባ መልስ አንድ ሕግ ነበረው፦ «ጥያቄ ለእኔ ብቻ!» ሰው ሰውን ከጠየቀ የተሳሳተ መልስ ያገኛል፣ ከስህተትም ጠብ ይወለዳል ባይ ነው። ስለዚህ በዙሪያ ሰው ሰውን መጠየቅ ክልክል ሆነ።

እስቲ አስቡት። «እንደምን አደርክ?» ጥያቄ ነው። «ልጆቹስ? ጤናስ? ቤቱስ?» ሁሉም ጥያቄ ነው። የዙሪያ ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ «አድረሃል»፣ «አድረሻል» ተባብለው ይተላለፉ ነበር። ሕጉን ያፈረሰ ሰው አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት ይገባበታል። ሕዝቡ ልጓም ይለዋል፤ ልጓም ያለበት ሰው ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር ይነዝረዋል።

ቧንቧ ሠሪው አቶ ጓንጉል ልጓም ከገባባቸው ዓመታት አልፈዋል። ጥፋታቸው ምን መሰላችሁ? የመጨረሻ ልጃቸው ትርንጎ ሕፃን ሳለች ስታለቅስ ሰምተው «ራበሽ እንዴ?» አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን የሰማ የለም። ሦስቱ ልጆቻቸው ዳምጤ፣ ውድነሽና ትርንጎ ያደጉት አንድ ነገር ብቻ እየተመኙ ነበር፤ ያ ልጓም ከአባታቸው አንገት ሲወልቅ ማየት።

የበኩሩ የዳምጤ ስጦታ ጆሮው ነበር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ልብስ እያሰጡ «እንቆቅልሽ» ብለው ሲያጉተመትሙ ሰማ። ቃሉን አያውቀውም፤ እንዳይጠይቅ ልጓም አለ። ሽማግሌዎች ፀሐይ ከሚሞቁበት ሄደና ኮራ ብሎ «እንቆቅልሽ የወጥ ዓይነት ነው» አለ። ሽማግሌ ስህተት ሰምቶ ዝም ሊል! «ወጥ አይደለም፣ ጨዋታ ነው!» ብለው ጮኹበት። «አዎ፣ የሩጫ ጨዋታ» አለ። «የሩጫ አይደለም፣ የቃል ነው፣ አንተ ደንቆሮ!» እንዲህ እየተሳሳተና እየተሰደበ ጨዋታውን ሙሉ በሙሉ ለቀመው። ጠያቂ «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂ «ምን አውቅልሽ» ይላል፤ መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባልና አገር ይሰጣል። የድሮ ልጆች ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን በአፋቸው ሲሰጣጡ ኖረዋል፤ ማንም የምር ተቀብሎ አያውቅም። ዳምጤ ግን ይህን ሲሰማ ወደ እህቶቹ ሮጠ። ቃሉን የማያጥፍ፣ አገር ያለው አንድ ፍጡር ያውቃልና።

የመካከለኛዋ የውድነሽ ስጦታ ነገር መፍተል ነበር። ጨዋታውስ ተገኘ፤ ሁሉን የሚያውቀውን ምን ብለው ይጠይቁት? የከዋክብቱን፣ የወንዙን፣ የጉንዳኑን ሁሉ ይመልሳል። ውድነሽ ስትፈጥር፣ ስትጥል፣ ስታኮርፍ ሰነበተች፤ ምግብም ጠላች። አንድ ጠዋት አባቷ ወደ ሥራ ሲወጡ፣ በዓይናቸው ብቻ አንድ ነገር ብለዋት አለፉ። ውድነሽ በቆመችበት ሳቋን ለቀቀችው። እንቆቅልሹ ከዓይናቸው ላይ ተገኘ።

የትንሿ የትርንጎ ስጦታ ድፍረት ነበር፤ እናታቸው «ምላስሽ ያስበላሻል» ስትላት ነው ያደገችው። አባ መልስን መጠየቅ ይፈቀዳል፤ መልሱን እያወቁ መጠየቅ ግን እሱን መፈተን ነውና ልጓም ያስገባል። ታላላቆቿ «እኔ ልሂድ፣ የለም እኔ» እየተባባሉ ሲጨነቁ፣ ትርንጎ አደባባዩ መሀል ቆማ ነበር።

«እንቆቅልሽ!» አለች።

ከግንቡ ላይ የብረት ክንድ ልጓም ይዞ ወረደና አንገቷ አጠገብ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አባ መልስ።

«ጨዋታ ነው፣ አባ። እርስዎ ‹ምን አውቅልሽ› ይላሉ። መልሱ ከጠፋብዎ አገር ይሰጣሉ።»

«ጨዋታው የማን ነው?»

«ያገኘው ወንድሜ ዳምጤ ነው።»

«ጥያቄውስ?»

«የፈጠረችው እህቴ ውድነሽ ናት።»

«ጠያቂዋስ?»

«እኔ! ትርንጎ ጓንጉል!»

«የማላውቀው የለም፤ ተስማምቻለሁ» አለ አባ መልስ። «ምን አውቅልሽ?»

ትርንጎ ትንፋሿን ሳበች። «ሁሉ ይጠይቀዋል፣ መልሱን የሚጠብቅ የለም፤ ቢቀር ግን ሰው ይቀየማል።»

የከተማዋ መብራት ሁሉ ደብዘዝ አለ። አባ መልስ እያሰበ ነበር። አሰበ፣ አሰበ፣ በመጨረሻም «መልስ የማይፈልግ ሰው ለምን ይጠይቃል?» አለ።

«እሱን እኮ ነው እኔም የምጠይቅህ!» አለች። ልብ በሉ፣ አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ።

«አላውቅም።»

ይህ ቃል ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ትርንጎ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፦ «አገር ስጠኝ!»

«ጎንደር በእጄ የለችም፤ ሐረርም የለችም» አለ አባ መልስ። «ያለችኝ ዙሪያ ናት። ዙሪያን ሰጠ…»

ጨዋታውን የሚያውቁት አሮጊቶች እልልታውን አቀለጡት፤ የቃሉን መጨረሻ እልልታ ዋጠው። አባ መልስም የሚገዛው ነገር አልቀረምና ለዘላለም ዝም አለ። በየሰው አንገት ያለው ልጓም ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ወለቀ።

«መልሱ ‹እንደምን አደራችሁ› ነው!» አለች ትርንጎ ለሕዝቡ።

ያን ጊዜ የሆነውን ተዉት። እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ፣ ጤናስ፣ ልጆቹስ፣ ጉልበትዎስ፣ ያ ጥርስዎስ! የዘመናት ጥያቄ በአንድ ጠዋት ፈሰሰ፤ መልስ የጠበቀ ግን አልነበረም። አቶ ጓንጉል ሕዝቡን እየገፉ ትርንጎ ዘንድ ደረሱ። ድምፃቸው እንደ አሮጌ ቧንቧ ዝጎ ነበር።

«ራበሽ እንዴ?» አሏት።

«በጣም፣ አባዬ!» አለች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ዳምጤና ውድነሽም ደረሱ፤ ከዚያ ሦስቱ ልጆች ወደ በሩ ሮጡ። ከደስታቸው ብዛት ተራ መጠበቅ ጠፋባቸውና በአንድ አፍ «ተከፈት!» አሉ። በሩ ተከፈተ። ከወዲያ ወንዝ፣ ንጹሕ ነፋስና ማንም ያልረገጠው ሣር ነበር፤ ሕዝቡም በዳንስ ወጣ።

ጣጣው የመጣው በማግሥቱ ነው። ለድል ግብዣው ከበሩ ፊት ለከተማዋ ባለቤት አንድ ወንበር ተዘጋጀ። ማን ይቀመጥ? አንጥረኛው «ሰጠሁህ ሲል ሰምቻለሁ፤ ለዳምጤ ነው» አለ። ልብስ አጣቢዋ «ሰጠሁሽ ነው ያለው!» አለች። «ለየትኛዋ?» ሲሏት ግን አላወቀችም። አስተማሪው ደግሞ «ሰጠኋችሁ» ነው ብሎ ማለ። ሦስቱም ምስክሮች በእልልታው መሀል ነበሩና የሚያምናቸው ጠፋ።

«አገር ስጠኝ ማለትን ከቀበሩበት ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ ዳምጤ። «ያለዚያ አባ መልስ አላውቅም ቢል ምን ይገኝ ነበር?»

«ጨዋታውንማ ሽማግሌ ሁሉ ያውቀው ነበር» አለች ውድነሽ። «ማንም ያላወቀው የእኔን እንቆቅልሽ ነው።»

«ሁለታችሁም ቤት ቁጭ ብላችሁ ነበር» አለች ትርንጎ። «ልጓም የቀረበው ወደ እኔ አንገት ነው።»

አባታቸው እንዲፈርዱ ቢለመኑ «እኔን ተዉኝ፣ ገና የምጠይቀው ብዙ አለኝ» ብለው ወደ ጎረቤት ሄዱ።

አንዲት ብልህ ሴት፣ «ቀላል ነው፤ በሩ የሚሰማው ባለቤቱን ብቻ አይደል? ሦስቱ በየተራ ይዘዙትና እንይ» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። ግን ለመሞከር በሩ መጀመሪያ መዘጋት አለበት። ሕዝቡ ገና በመጀመሪያው ቀን ከበሩ ሥር በሬ የሚያህል ድንጋይ ወሽቆበታል፤ ያንን ድንጋይ ልንካ የሚል ሰው በዙሪያ አልተገኘም፣ አይገኝምም። በየዓመቱ ግብዣው ይደረጋል፣ ይበላል፣ ይጨፈራል፣ ሦስቱም እየተጎሻሸሙ አጠገብ ላጠገብ ይቀመጣሉ፤ ወንበሩ ግን ባዶውን ነው።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው። የተዋጠው የቃሉ መጨረሻ የትኛው ነበር? ዙሪያስ የምትገባው ለማን ነው፤ ጨዋታውን ላገኘው፣ እንቆቅልሹን ለፈተለችው፣ ወይስ አንገቷን ለሰጠችው? ተከራከሩበት። ካቃታችሁም ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ አገር ስጡኝ።