የግራርጌ ዝቅተኛ መደብ

በግራርጌ ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ወዳለው የሰንበቴ ቤት የገባ እንግዳ በመጀመሪያ የሚገርመው መደቡ ነው። ዙሪያውን ለአዋቂ የሚሆን ከፍ ያለ የድንጋይና የጭቃ መደብ አለ። ዳቦው ከሚቆረስበት አጠገብ ግን፣ የሀገሩ ሽማግሌ ሁሉ በሚመኘው የክብር ቦታ ላይ፣ ቁመቱ ከጉልበት የማይደርስ ሌላ መደብ ተሠርቷል። ቅዳሴ ሲያልቅ እዚያ የሚቀመጡት ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው፤ እነሱ በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ጮኸው ሳይዘልቁ ቄሱም አይቀምስ፣ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃም አይቀምስ። አንድ ጊዜ አንድ ባለማዕረግ ርቦት «እኔ ከሕፃን ኋላ ልብላ?» ብሎ ቢቆጣ፣ «ጌታዬ፣ አብረው ይቁጠሩና ቶሎ ያልቅልዎታል» አሉት ይባላል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አባቶች እንደሚሉት በግራርጌ ልጅ የሚበላው መጨረሻ ነበር፤ ይህም የመጣው ከክፉ ቀን ነው። ያኔ ከብቱ አልቆ፣ ሰዉ ረግፎ፣ የቀረችውን እፍኝ ገብስ ማን ይብላት ሲባል፣ «የሚያርሰው ይብላ፤ እሱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል» ተባለ። ለዚያ ቀን ምክሩ ምክር ነበር። ነገር ግን ክፉው ቀን አለፈ፣ ዝናቡም ተመለሰ፣ በሬውም ተተካ፤ «እንግዲህ ይብቃን» የሚል ሰው ጠፋና የጭንቅ ቀን ምክር የደህና ቀን ሕግ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ እንግዳ፣ ቀጥሎ አባወራ፣ ቀጥሎ የደረሱ ወንዶች ልጆች፣ ከዚያ ሴቶች፤ ሕፃናት ደግሞ ከገበታው ላይ የተራረፈውን ይለቅማሉ። ሰንበት ሲሆንም «በሰው ፊት የበላ ልጅ ዓይን ይበላዋል» ተብሎ ከአጥሩ ውጭ ይቆማሉ። ግራርጌ ገብሱን ከድንጋይ መካከል የሚለቅም ደሃ ሀገር ነውና መጨረሻ ለሚበላ ምን እንደሚተርፈው የታወቀ ነው። ልጆቹ ይከሳሉ፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ፀጉራቸው ይሳሳል፣ ክረምት ሲገባም ይሞታሉ። ሲሞቱ «ያላደለው ነው» ይባላል፤ የተረፉት ደግሞ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባልላቸዋል።

በዚያ ዘመን የደብሩ ቄስም የልጆቹ መምህርም የኔታ ጥዑመ ልሳን ነበሩ። ይህን ስም ያወጣላቸው ሰው አልቀናውም፤ ግራርጌ ከእሳቸው የባሰ ቁጡ ምላስ አላየችም ይባላል። በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ከወይራው ሥር ልጆቹን ሰብስበው ያስቆጥራሉ፤ ልጆቹም ያንቀላፋሉ። ጧት «ሀ»ን አጥርቶ የጠራ ልጅ ቀትር ላይ «ሀ»ን አያውቃትም። «ኧረ ምን ዓይነት ፍጥረቶች ናችሁ! እናንተን ከማስተምር ይህን ወይራ ባስተምረው እስካሁን ዳዊት በደገመ!» እያሉ አርጩሜ ሲቆርጡ ይውላሉ። ኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ አህያውን ፈርተው ዳውላውን ሲደበድቡ ነው የኖሩት።

ከነዚህ ልጆች መካከል አንዷ የሙሴው የአያ ደምለው ልጅ ትርንጎ ነበረች። አምስት ዓመቷ ነው። በመጣች በመጀመሪያው ቀን ሦስት መስመር ፊደል ያዘች፤ በማግስቱም በዕድሜ እጥፏ የሚሆነውን ልጅ «እሱ እኮ ለ አይደለም» ብላ አረመችው። የኔታ ያን ቀን ሳይቆጡ ዋሉ ይባላል፤ እንዲያውም ለዲያቆኑ «ይህች ልጅ ከኖረች ወንበሬን ትወርሳለች» አሉት። ክረምቱ ሲገባ ግን ትርንጎ እንደ ሌሎቹ ማንቀላፋት ጀመረች፣ ቀጥሎም ከወይራው ሥር መምጣት አቃታት።

አያ ደምለው ልጁን የሚወድ ሰው ነበር። ወደ የኔታ መጥቶ፣ «ልጅቱን ዓይን በልቷታል፤ ክታብ ይጻፉልኝ» አለ። የኔታ አላቅማሙም፤ ክታብ መጻፍ ይችሉ ነበርና «ብራና ያስፈልጋል፤ ነጭ ፍየል እረድ» አሉት። ፍየሏ ታረደች። ሥጋው በወጉ ቀረበ፤ ከሁሉ በፊት ጎድኑን የበሉት የተከበሩት እንግዳ፣ የኔታ ራሳቸው ነበሩ። ቀጥሎ ደምለው በላ፣ ቀጥሎ ወንድሞቹ በሉ። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ብራና ሆነ፤ ተጻፈበትም፣ ተጠቀለለም፣ ተሰፋም።

የኔታ ክታቡን በአንገቷ ሲያስሩላት ትርንጎ አንስታ አሸተተችው ይባላል። ቆዳው ገና የፍየል ሽታ ነበረው።

«የኔታ፣ ይበላል?» አለቻቸው።

የኔታ ወደ ደጅ ወጡ፤ የራሳቸው አፍ ጎድን እንደበላ፣ ለልጅቱ የደረሳት ቆዳው ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባቸው። አፈሩም፣ ተናደዱም፤ ንዴቱ ግን እፍረቱን ቀደመውና ደምለውን ጠሩት።

«ይህችን ልጅ የያዛት ዓይን አይደለም፤ ርሃብ ነው።»

«ምን በወጣትና የኔታ! እኛ የምንበላውን ነው የምትበላው።»

«መቼ?»

«እኛ ስንጨርስ ነዋ!»

«ስትጨርሱ ምን ይተርፋል?»

ደምለው ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲህ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አለ። የኔታ በእጃቸው የነበረውን መቋሚያ ወርውረው ሊመቱት ምንም አልቀራቸውም ይላሉ።

በማግስቱ የኔታ ከድርሻቸው ቁራሽ ዳቦ ይዘው ሄዱ። የትርንጎ እናት በሁለት እጇ ተቀበለችና፣ ከቄስ እጅ የመጣ በረከት ነው ብላ ለባሏ አቀረበችለት። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው በወተት እያራሱ ሊያጎርሷት ሞከሩ፤ ሆዷ ግን አልቀበል ማለት ጀምሮ ነበር።

ሰንበት መጣ። ዳቦው ተደረደረ፣ ጠላው ቀረበ፣ ሁሉም በየመደቡ ተቀመጠ። የኔታ መስቀላቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው ቆሙና፣ «ከውጭ የቆሙት ልጆች ገብተው ቀድመው ካልበሉ አልባርክም» አሉ። መጀመሪያ ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ ተቆጣ። ያልተባረከ ማዕድ የሚደፍር የለምና ዳቦው እንዳለ ወደየቤቱ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሲያወሩ የግራርጌ ሽማግሎች እስከ ዛሬ ይናደዳሉ። ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። እነሱ ግን ጉባኤ ተቀመጡ። አንዱ «መደቡ ከፍ ያለ ነው፣ ልጆቹ ይወድቃሉ» አለ። አንዱ «ጎረቤት ደብር ቢሰማ ምን ይለናል?» አለ። ሌላው «እሺ ይግቡ፤ ግን በቀኝ ይቀመጡ ወይስ በግራ?» ብሎ ነገር አነሣ፤ በዚህችው በቀኝና በግራ ብቻ አንድ ቀን ሙሉ ተከራከሩ። በሁለተኛው ሰንበት ከጎረቤት ደብር ቄስ አስመጡ፤ ሰውየው ጉዳዩን ሰምቶ «በሰው ማዕድ መካከል አልገባም» ብሎ በቅሎውን አዞረ። ዳቦው ዳግመኛ ሳይቆረስ ተመለሰ። ጉባኤውም እንደገና ተቀመጠ፤ ሰብሳቢው ደምለው ነበር።

ዓርብ ዕለት፣ ጉባኤው ገና ሳይበተን፣ ትርንጎ ሞተች።

ቀብሯ ሲያበቃ ጎረቤት እንደ ወጉ እዝን ይዞ ወደ ደምለው ቤት መጣ። እንጀራው ተዘረጋ፣ ወጡ ፈሰሰ፤ «እንግዲህ ጠንከር በል፣ ቅመስ» ተባለ። የኔታ ከጥግ ተቀምጠዋል፤ ያን ዕለት ቁጣም አልነበራቸው። ደምለው ከጧት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም ነበር።

«እኔ ጠግቤያለሁ» አለ።

ተነሥቶም ወደ ደጅ ወጣ። በአጥሩ ጥግ ቆመው የሚጠብቁትን የጎረቤት ልጆች አንድ በአንድ እያቀፈ አስገባና በራሱ መደብ ላይ አስቀመጣቸው። ልጆቹ ፈሩ፤ የአዋቂውን ፊት እንጂ ገበታውን አላዩም። «ብሉ ልጆቼ» ብሎ ራሱ አጎረሳቸው። መደቡ ከፍ ያለ ነበርና እግራቸው ተንጠለጠለ፤ አንዷማ ተንሸራታ ወደቀች፣ ደምለውም አንሥቶ ከጭኑ ላይ አስቀመጣት። የኔታ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሡና ባረኩ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ አጭር ቡራኬ ሰጥተው አያውቁም ይባላል።

በማግስቱ ቅዳሜ ደምለው ብቻውን ወደ ሰንበቴው ቤት ድንጋይ ሲያመላልስ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር ሲያቦካ ዋለ። ቀኝ ይሁን ግራ ማንንም አልጠየቀም፤ ዝቅተኛውን መደብ ዳቦው ከሚቆረስበት አጠገብ ሠራው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቤት ተራ ገብቶ ከወይራው ሥር ላሉት ልጆች ጧት ጧት ንፍሮ መላክ ጀመረ፤ የኔታም አርጩሜ መቁረጥ ተዉ። ልጆቹ ጠግበው ሲመጡ ፊደሉን ይዘው ወደ ንባብ ተሻገሩ፤ ከነሱም መካከል ኋላ መምህር ሆነው ሌላ ደብር የሄዱ አሉ ይባላል።

የኔታ ጥዑመ ልሳን ብዙ ዘመን ኖሩ። በእርጅናቸው ጊዜ ያ በቅሎውን አዙሮ የሄደው ቄስ በሰንበት መጥቶ ልጆቹ ሲበሉ አየና፣ «እንዴት ያለ መልካም ሥርዓት ሠራችሁ!» አለ። የኔታ ተነሡበት፦ «ምኑ ነው መልካሙ? ዳቦውን ማን ቀድሞ ይብላ የሚለውን ለመቁረጥ ልጅ የቀበርን ሰዎች ነን!»

ስለዚህ በግራርጌ ይህን ልማድ ማሞገስ እስከ ዛሬ ነውር ነው። ዝቅተኛውን መደብ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሙሴው በገዛ እጁ ጭቃ ይመርገዋል። የማያውቅ እንግዳ በሰንበት መጥቶ «ይገርማል፣ እንዴት ደግ ሕዝብ ናችሁ» ያለ እንደሆነ ሙሴው ፊቱን ያጠቁርና የዳቦውን ሰፌድ ያስይዘዋል፤ «ወሬውን ተወውና አሳልፍ፤ ልጆቹ እየጠበቁ ነው» ይለዋል።