የአያ ጅቦ ጥጃ ሆድ

አንድ ጊዜ የዱር አራዊት ለበዓል ቅርጫ ሊገቡ ተስማሙ። ንጉሡ አንበሳ ሁለት የወተት ላሞች ከነወንድ ጥጆቻቸው አስመጣና አንዷን ለአያ ጅቦ፣ ሌላዋን ለእመት ቀበሮ ሰጠ።

«ጥጆቹን ለበዓሉ እርድ አደልቡ፤ ወተቱ የጥጃው ነው፤ እንዳትነኩት! ብዙ ሥጋ ያቀረበ ትልቁን ዋሻ ይወስዳል፤ ያነሰበት ከጫካዬ ይውጣ!» አላቸው።

ትልቁ ዋሻ አያ ጅቦ ከነሚስቱና ከነቡችሎቹ የሚኖርበት ነበር። ይሁን እንጂ ወተቱ አረፋ ደፍቆ ሲያየው አላስቻለውም።

«ለጥጃ ወተት ማጠጣት ምን የሚሉት ቅብጠት ነው? ገለባ ምን አለው?» አለና ለጥጃው ገለባ ሰጥቶ ወተቱን ራሱ ግጥም አድርጎ ጠጣው። በማግስቱም እንዲሁ፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ።

እየቆየ የጥጃው ሆድ ተነፋ። አያ ጅቦ ጮቤ ረገጠ! እየሮጠ ቀበሮ ዘንድ ቢሄድ ጥጃዋን ወተት አጠጥታ ፉርሽካ ታበላለች። የእሷ ጥጃ ግን ታፋው ቢደነድንም ሆዱ አልተነፋም።

«ምነው እመት ቀበሮ፣ ይሄ ሆድም አልፈጠረበት! የኔው ከበሮ አክሏል። በይ ከአሁኑ ጓዝሽን ጠቅልይ።»

«ምን ላድርግ አያ ጅቦ፣ እንዳንተ አልታደልኩ። እንግዲያው በበዓሉ ዕለት ያንተ ይቅደም፤ ሁሉም አይቶ ይደነቅ» አለች፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

በዓሉ ደረሰ። ሥጋ ስለማይበላ አያዳላም ተብሎ መደብ የሚመድበው አህያ ሆነ። አንበሳ የአያ ጅቦን ጥጃ ጥሎ ሆዱን ሲቀደው ገለባው ዝርግፍ አለ። ገለባ፣ ገለባ፣ አሁንም ገለባ! አያ ጅቦ ክው አለ። ቆዳው ሲገፈፍማ የባሰ መጣ፤ ጎኑ አጥንት ብቻ፣ ታፋው መዳፍ የማይሞላ።

«ኧረ ጉድ ነው! ሥጋው የት ገባ?» ብሎ ጮኸ።

«ከዚህ አንድ መደብ እንኳ አይወጣም» አለ አህያ ደንግጦ።

የቀበሮ ጥጃ ሲታረድ ግን ሥጋው ለመደቡ የተነጠፈውን የኮባ ቅጠል ሞልቶ ተረፈ። አንበሳ ወደ አያ ጅቦ ዞረ።

«ወተቱስ?»

ቀበሮ የአያ ጅቦን በወተት የወፈረ ታፋ ከላይ እስከ ታች እያየች፣ «ጌታዬ፣ የጎደለው ሥጋማ ይኸው ቆሟል» አለች።

አንበሳ ከንፈሩን ላሰ። አያ ጅቦ ያን ጊዜ ስለ ዋሻው ማሰብ ተወ፤ ሚስቱንና ቡችሎቹን «ተከተሉኝ!» ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ከዚህ የምንማረው የታዳጊን ድርሻ ራሱ እየበላ በገለባ የሚያሳድግ ሰው፣ እውነቱ ሲገለጥ ከሁሉ በላይ የሚደነግጠው እሱ ራሱ መሆኑን ነው።