የማንጠግቦሽ ካብና የመንደሩ ዋርካ

ተረት ተረት! «የዛፍ ሥር፣ የአገር መሠረት» በሉኝ ልጆች። ጎሽ!

በድሮ ዘመን ማንጠግቦሽ የምትባል ካብ ሠሪ ነበረች። ድንጋይ እጇ ሲገባ እንደ ሊጥ ይታዘዛታል ይሉላት ነበር። በመንደሯ መሐል አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ሰዉ ከሥሩ ይገበያያል፤ ከሥሩ ይሟገታል፤ የተጣላም ከሥሩ ይታረቃል።

የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ጓንጉል አሮጌ ቤቱን አፍርሶ ኮረብታው ላይ አዲስ አዳራሽ ሠራ። በር ብቻ ቀረው።

«ከዚያ ዋርካ አንድ ወጥ በር ይወጣልኛል። ቁረጡት!» ብሎ አዘዘ።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ማንጠግቦሽ ግን «አይቆረጥም» አለች።

«ጌታ ካዘዘ ምን እናደርጋለን?»

«ድንጋይ አቀብሉኝ።»

አቀበሏት። ሥሩን እንዳይጫነው ራቅ ብላ ጀመረች፤ ዋርካውንም ዙሪያውን ካበችው።

ባለ መጥረቢያዎቹ መጡ። «ካቡን አፍርሱ!» አለ አለቃቸው።

ማንጠግቦሽ ካቡ ላይ ቆመች። «የሰው ካብ ያፈረሰ ይገረፋል ብሎ ያወጀ ማን ነው?»

«ፊታውራሪ ናቸው።»

«እንግዲያ ማን ነው ጀርባውን የሚሰጥ?»

ማንም አልሰጠም። ተመለሱ።

ፊታውራሪው ተቆጣ። «በመሰላል ግቡ!» ብሎ ላካቸው።

እስኪመጡ ማንጠግቦሽ ጣራ ሠራች። ማገሩን ሁሉ ከካቡ አንሥታ ግንዱ ላይ አሳረፈችው። አንድ ሚስማር አላስነካችውም፤ በገመድ አሰረችው። ገመዱ ቅርፊቱን እንዳይቆርጠው ሣር አደረገችለት። ቅርንጫፎቹ ከጣራው በላይ ወጥተው ተንሰራፉ።

ባለ መጥረቢያዎቹ መሰላላቸውን አስደገፉ።

«ይህ ቤት ነው» አለች ማንጠግቦሽ። «በጣራ የሚገባ ማን ይባላል?»

«ሌባ» አለ አለቃቸው፤ አፈረ። ተመለሱ።

በሦስተኛው ፊታውራሪው ራሱ ባለ መጥረቢያዎቹን አስከትሎ በበቅሎ መጣ። ማንጠግቦሽ ሰፊ በር ከፍታ ጠበቀችው። በበሩ ሲያይ ዋርካው እንደ ንጉሥ ቆሟል። ፊታውራሪው ይበልጥ ጎመጀ።

«በበር ገባን፤ ሌባ አይደለንም። ቁረጡ!»

አንድ መጥረቢያ አረፈ። ከግንዱ ነጭ ወተት ፈሰሰ።

«በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች ማንጠግቦሽ።

ሁለተኛው መጥረቢያ አየር ላይ ቀረ። በሕግ አምላክ የተባለ አይራመድማ!

«ምን ሆንሽ?» አለ ፊታውራሪው።

«ይፍረዱልኝ ጌታዬ። ሰው ቤቴ ገብቶ ምሰሶዬን መታብኝ።»

ፊታውራሪው ችኩል ነበር፤ ዓይኑም ከግንዱ አልተነሣም። «የሰው ምሰሶ የመታ የራሱን ምሰሶ ይስጥ! ፈርጃለሁ። አሁን ዘወር በይ!»

«ቀና ይበሉ» አለች። «የዚህ ቤት ምሰሶ የቱ ነው? ያስመታውስ ማን ነው?»

ቀና አለ። ማገሩ ሁሉ ዋርካው ላይ አርፏል። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ ጌታ ነኝ! ቁረጡ ብያለሁ!» ብሎ አንባረቀ።

ሕዝቡ በሩን ሞላው። ያን ጊዜ አንገታቸውን የደፉት ሽማግሌዎች አሁን ቀና ብለው ቆሙ። የባለ መጥረቢያዎቹ አለቃም መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ጌታዬ፣ ሲፈርዱ ሰምተናል» አለ፤ ወደ ኮረብታው ወጣ። ጓደኞቹም ተከተሉት።

የአዳራሹን ምሰሶ ነቀሉ። አዳራሹ አንዴ አቃሰተና ተደርምሶ ተቀመጠ። ፊታውራሪው ያን ክረምት በድንኳን ዝናብ ሲመታው ከረመ። ማንጠግቦሽም የዋርካውን ቁስል በጭቃ ለሰነችው፤ ዳነ።

አያችሁ ልጆች፣ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ተረቴን ችግኝ ተክላችሁ መልሱልኝ።